አይጠይቋቸው፤ ያስተምሩዎት

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል። አባቴ ካረፈ ወዲህ ከቤት መውጣት ትታለች፤ ዕድሜ ልኳን የኖረችበትን ስፌትም ጥላዋለች። የድሮውን ማስወራትና የእጅ ሥራ ማሠራት መንፈስን ያነቃቃል ሲባል ሰምቼ ልሞክር ብል፣ ጎረቤቶቻችን «ተይ፣ ኀዘኗን ትቀሰቅሺባታለሽ» አሉኝ። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ጎረቤቶችዎ በከፊል ልክ ናቸው። ቀድሞ አረጋውያን ያለፈውን ደጋግመው ማውራታቸው የመጃጀት ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር፤ አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት በትለር ግን እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው በዕድሜው ማምሻ ሕይወቱን መለስ ብሎ መቃኘቱ ተፈጥሯዊ እንደሆነና ከራሱ ጋር ሊያስታርቀው እንደሚችል ተከራከረ። ያው ሐኪም ትዝታው ወደ ጸጸትና ተስፋ መቁረጥ ሊያደላ እንደሚችልም አልሸሸገም። ስለዚህ ዋናው ነገር አነሣሡ ላይ ነው።

በእኔ እምነት መጀመር ያለብዎት ከጥያቄ አይደለም። «እማዬ፣ ያን ጊዜ ታስታውሻለሽ?» ማለት ፈተና ነው፤ መልሱ የጠፋበት ሰው ያፍራል፣ መልሱ ኀዘን የሆነበት ደግሞ ዝም ይላል። ይልቁንስ ሰንደዶውን አርሰው፣ ወስፌውን ይዘው ከእናትዎ አጠገብ ይቀመጡና አንዲት ትንሽ ሙዳይ ራስዎ ይጀምሩ። ጀማሪ እጅ ዙሩን ማላላቱና ማጣመሙ አይቀርም፤ ባለሙያ ደግሞ የተጣመመ ስፌት እያየ ዝም ማለት ይከብደዋል (ይህን ያህል ተንኮል ይፈቀድልዎታል)። ወስፌውን ከእጅዎ ተቀብለው የላላውን ሲፈቱ፣ ስፌት ማን እንዳስተማራቸው፣ ለሠርጋቸው የተሰፋው መሶብ ምን ቀለም እንደነበረው፣ ሳይጠየቁ ሊያወሩ ይችላሉ። እጅ የለመደው ሙያ ስምና ቀን ከተረሳም በኋላ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ወሬው ባይመጣም ሥራው በራሱ ጥቅም አለው፤ አያስገድዷቸው።

ከአሥር እስከ ሠላሳ ዓመት ባለው ዕድሜ ያለፈው ከሌላው ይበልጥ ጎልቶ ይታወሳልና፣ የወጣትነታቸው ዘፈን ወይም በፋሲል መዋኛ ያከበሩት ጥምቀትና የሎሚ ውርወራው ጥሩ መነሻ ይሆናል። በአንጻሩ የእሳቸው ትውልድ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የቀይ ሽብርን መከራ በዚህች ከተማ ያየ ነው። እሳቸው ያልከፈቱትን በር እርስዎ አይክፈቱ፤ ካለቀሱም ወሬ ለማስቀየር አይቸኩሉ፣ አጠገባቸው ይቀመጡ።

ከዚህ ተአምር አይጠበቅም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣና 22 ጥናቶችን የመረመረ አንድ ግምገማ፣ ትዝታን ማስወራት የመርሳት ሕመም ላለባቸው ሰዎች የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛና እንደ አቀራረቡ የሚለያይ ሆኖ አግኝቶታል። እንቅልፍና ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ ከራቃቸው፣ የቅርቡን ነገር መርሳት ካበዙ፣ ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው፤ «ሞት በወሰደኝ» ማለት ከጀመሩ ግን አንድ ቀንም ሳያሳድሩ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያሳዩዋቸው።