ስታዲየም የሚል ጣቢያ ሁሉ ስታዲየሙ ደጃፍ አያወርድም

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ላንዶቨር፣ ሜሪላንድ በሚገኘው ኖርዝዌስት ስታዲየም ለሚደረግ ትልቅ የሮክ ኮንሰርት ትኬት ገዝቻለሁ። ቀኑ እሑድ ነው። መኪና ይዞ መውጣት ጭንቅ ነው ስላሉኝ በዋሽንግተኑ የሜትሮ ባቡር ልሄድ አስቤአለሁ። እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ በቀዩ መስመር ሜትሮ ሴንተር ይውረዱና ከታችኛው ፎቅ ሰማያዊውን ወይም ብርማውን ይያዙ። ብርማው ግን ሁሉም አንድ ቦታ አይሄድም፤ ከፊሉ ወደ ኒው ካሮልተን ይታጠፋል። ባቡሩ ላይ «ላርጎ» የሚል ካላዩ አይሳፈሩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ስታዲየም አርመሪ» ሲባል ሰምቶ ዘሎ በመውረድ ነው። እሱ የአሮጌው የአርኤፍኬ ስታዲየም ጣቢያ ነው። የእርስዎ ሞርጋን ቡሌቫርድ ነው፤ ከአርመሪ በኋላ አራተኛው። ከዚያም 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የ20 ደቂቃ የእግር መንገድ አለ። ባለ ተረከዙ ጫማ ቤት ይቅር።

የሜትሮው መክፈያ ስማርትሪፕ ካርድ ለሁለት ሰው አያገለግልም፤ ሲገቡም ሲወጡም ስለሚነካ ለየራሳችሁ ያዙ። የመመለሻውንም ሒሳብ ጠዋቱኑ ይሙሉ፤ ማታ ማሽኑ ጋ ያለው ሰልፍ አይጣል ነው። ቦርሳ ከያዙ ውስጡ የሚታይ፣ ከ30 በ30 በ15 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ይሁን።

ዋናው ጣጣ መመለሻው ነው። እሑድ ሜትሮ እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል፤ የመጨረሻው ባቡር ከሞርጋን የሚነሳው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፤ ቀዩ መስመርም እንዲደርስልዎ ያስፈልጋል። ሲሄዱ ጣቢያው ላይ የተለጠፈውን ሰዓት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዘፈኖች ቢያመልጡዎት ይሻላል።