መልስ፦ በምስጢር እስከ 3000 ሜትር መጥለቅ ይቻላልን?

የባሕር ኃይል ጠላቂዎች በምስጢር እስከ 3000 ሜትር ይወርዱ እንደሆነ ለጠየቁት፣ ምስጢሩ ሊታመን ቢችልም ጥልቀቱ ግን አይታመንም። በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ ከባቢ አየር (በባሕር ጠለል ባለው የአየር ግፊት ልክ) ገደማ ስለሚጨምር፣ በዚያ ጥልቀት ሰውነት በባሕር ጠለል ካለው ግፊት 300 እጥፍ ያህል ይሸከማል፤ ችግሩም ብዙዎች እንደሚገምቱት የአጥንት መሰባበር ሳይሆን፣ የሚተነፈሰው ጋዝ እጅግ መወፈርና የነርቭ ሥርዓት መታወክ ነው። የፈረንሳዩ የጥልቅ ባሕር ጠለቃ ኩባንያ ኮሜክስ በ1992 እ.ኤ.አ. 701 ሜትር ላይ የደረሰው እንኳ ሃይድሮጅን ባለበት ድብልቅ ጋዝ፣ ያውም በባሕር ውስጥ ሳይሆን የዚያን ጥልቀት ግፊት በሚፈጥር፣ በየብስ ላይ ባለ ዝግ ክፍል ውስጥ ነበር። አሜሪካውያን በ1970ዎቹ በሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ ባለው በኦኾትስክ ባሕር የሶቪየትን የመገናኛ ገመድ የጠለፉበት፣ በእርግጥም ለዓመታት ተሰውሮ የቆየው ተልእኮ፣ የተከናወነው 120 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በሺህ ሜትሮች ለሚቆጠር ጥልቀት ሰው አልባ መሣሪያዎችና ግፊት የሚቋቋሙ ሰርጓጅ መርከቦች ስላሉ፣ ጠላቂ የሚላክበት ወታደራዊ ምክንያትም አይታየኝም።