ከነገር ወደ ግንዛቤ፦ ስለ ስሜት ሕዋሳት ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዓይን የሚያየው ነገሩን ራሱን ነው ወይስ ምስሉን?

መልስ፦ ነገሩ ወደ ዓይን አይገባም፤ የሚገባው ከላዩ ነጥሮ የመጣው ብርሃን ነው። ይህ ብርሃን በሬቲና፣ ማለትም ከዓይን ኋላ ባለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን ላይ ተገልብጦ እንደሚያርፍ ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዮሐንስ ኬፕለር በ1604 እ.ኤ.አ. አስረድቷል። ከዚያ በኋላ ግን የዓይንና የካሜራ መመሳሰል ያበቃል። በሬቲና ውስጥ 120 ሚሊዮን ያህል ዘንግ መሰልና 6 ሚሊዮን ያህል ሾጣጣ ብርሃን ተቀባይ ሴሎች ሲኖሩ፣ መልእክቱን ወደ አንጎል የሚያደርሰው የዓይን ነርቭ 1 ሚሊዮን ያህል ክሮች ብቻ ስላሉት፣ ሬቲና ያገኘውን ሁሉ አይልክም፤ ብርሃንና ጥላ የሚዋሰኑበትን ጠርዝና የሚለዋወጠውን አጉልቶ፣ ወጥ የሆነውን አሳንሶ ይልካል። ስለዚህ «ዓይን ተቀባይ ብቻ ነው» የሚለውን አነጋገር እኔ አልቀበለውም።

ጥያቄ፦ ብርሃንም ድምፅም በነርቭ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምት ከሆኑ፣ አንጎል በምን ይለያቸዋል?

መልስ፦ በዋናነት በመጡበት መንገድ ነው። የአየር ንዝረት የጆሮ ታምቡርን፣ ታምቡሩም ሦስት ትናንሽ አጥንቶችን ያንቀሳቅሳል፤ አጥንቶቹ በውስጠኛው ጆሮ ያለውን ፈሳሽ ሲገፉት፣ በሴሎች ጫፍ ላይ ያሉ ፀጉር መሰል ዘለላዎች ይታጠፉና ምቱ ይነሣል። ምቱ በራሱ ግን በዓይን ነርቭ ከሚጓዘው የተለየ ባሕርይ የለውም። ጀርመናዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዮሐንስ ሙለር በ1826 እ.ኤ.አ. የስሜቱን ዓይነት የሚወስነው የቀሰቀሰው ነገር ሳይሆን የተቀሰቀሰው ነርቭ ነው ያለው ስለዚህ ነው። ዓይንዎን ጨፍነው በጆሮ በኩል ያለውን የቆቡን ጥግ በጣትዎ ቀስ አድርገው ቢጫኑት፣ በአፍንጫ በኩል ደብዛዛ የብርሃን ቀለበት ይታይዎታል። የገባ ብርሃን የለም፤ የተነካው የማየት መንገድ በመሆኑ ግፊቱ ብርሃን ሆኖ ተነበበ። ቀለበቱ በተቃራኒው ጎን መታየቱም ከላይ ካነሣሁት መገልበጥ የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ሽታስ በተመሳሳይ መንገድ ይሄዳል?

መልስ፦ አይደለም። የሌሎቹ ስሜቶች ምልክት ታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል አልፎ ወደ አንጎል የላይኛው ሽፋን (ቅርፊት) ሲደርስ፣ የሽታ ምልክት ግን ታላመስን ሳይጠብቅ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ታዲያ የምናየው ሁሉ የአንጎል ፈጠራ ነው ማለት ይቻላል?

መልስ፦ ይህ ማጋነን ነው። ባለ መስመር ወረቀት ወስደው በአንዱ መስመር ላይ መስቀል፣ ከእርሱም በስተቀኝ 8 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ጥቁር ነጥብ ያድርጉ። ግራ ዓይንዎን ጨፍነው በቀኙ መስቀሉን ብቻ እያዩ ወረቀቱን ከክንድ ርቀት ቀስ በቀስ ያቅርቡት። 30 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ነጥቡ ይሰወራል፤ ነርቩ ከዓይን በሚወጣበት ስፍራ ብርሃን ተቀባይ ሴል የለምና። በቦታው የሚታይዎት ግን ቀዳዳ ሳይሆን ሳይቆረጥ የሚያልፈው መስመር ነው፤ አንጎል ጉድለቱን የሞላው እንዳሻው ሳይሆን በዙሪያው ካለው ተነሥቶ ነው። ወረቀቱን ጥቂት ቢያስጠጉት ነጥቡ ተመልሶ ይመጣል።