250 እና 100 ሲደመሩ ለምን 250100 ሆኑ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነው። መዝገቡን ኮምፒውተር ላይ ጽፌ በፓይተን (በፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ልደምርለት ፈለግኩ። የአንድ አባል የጥርና የየካቲት ክፍያ 250 እና 100 ነበር፤ ድምሩ 250100 ሆኖ ወጣ። «ጽሑፍን ወደ ሙሉ ቁጥር የሚለውጠውን ኢንት (int) ተጠቀም» ተባልኩና ያ ተስተካከለ። ቀጥሎ «1,250» ላይ ሲደርስ ቫልዩ ኤረር የሚል የስህተት መልእክት አውጥቶ ቆመ። አባቴ ደግሞ አንዳንዱን በግዕዝ ቁጥር ነው የሚጽፈው። አሃዝ መሆኑን የሚፈትሸው ኢዝዲጂት (isdigit) «፭» አሃዝ ነው ይለኛል፣ ኢንት ግን አይቀበለውም። የትኛውን ልመን? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የእድር መዝገብ የሰው ገንዘብ ነውና ቆም ብለህ መጠየቅህ ደስ አሰኝቶኛል።

ከጽሑፍ ፋይል ያነበብከው ሁሉ ለፓይተን ጽሑፍ ነው። በኢንፑት ከኪቦርድ የተቀበልከውም እንደዚያው። የመደመር ምልክት በሁለት ጽሑፎች መካከል ሲገባ ጎን ለጎን ይቀጥላቸዋል፤ 250100 የመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ መስመሩን እንዳነበብክ ወዲያው ለውጠው፤ እስከ ድምሩ ድረስ አታቆየው።

ኢንት ግትር ነው፤ ይህን ግትርነቱን እወድለታለሁ። ከፊትና ከኋላ ያለ ክፍት ቦታ አያስቸግረውም። ኮማ፣ «ብር» የሚል ቃል ወይም «12.50» ካየ ግን እምቢ ይላል። በሌላ የፕሮግራም ቋንቋ፣ በጃቫስክሪፕት፣ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራውን ፓርስኢንት ብትጠቀም ኖሮ «1,250»ን 1 ብሎ ያልፈው ነበር። የአንድ አባል 1,249 ብር ድምፅ ሳያሰማ ጠፋ ማለት ነው! አንተ ኮማውን በሪፕሌስ (አንዱን ምልክት በሌላ በሚተካው ትእዛዝ) አውጣና ከዚያ ለውጥ። ሳንቲም ካለ ፍሎትን (ነጥብ ያለውን ቁጥር በግምት የሚይዘውን ዓይነት) ተወው፤ በፍሎት 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ይሆናሉ። ለገንዘብ ነጥብ ያለውን ቁጥር በትክክል የሚይዝ ዴሲማል አለልህ፤ ጽሑፉን እንዳለ ስጠው።

አሁን ወደ አባትህ ቁጥሮች። ኢዝዲጂትም ኢንትም አልዋሹህም፤ የሚመልሱት የተለያየ ጥያቄ ነው። በዩኒኮድ (ኮምፒውተር የዓለምን ፊደላትና ምልክቶች በሚለይበት መዝገብ) ከ፩ እስከ ፱ ያሉት አሃዝ ተብለው ተመዝግበዋል፤ ኢዝዲጂት የሚያየው ይህን ነው። ኢንት ግን የሚፈልገው እንደ 250 በቦታው ዋጋ የሚያገኝ፣ ዜሮ ያለው አቆጣጠር ነው። በአረብኛ ጽሑፍ የሚጻፉትን አሃዞች (٢٥٠) የሚቀበለውም ለዚህ ነው። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ ፲ም ፶ም ፻ም የየራሳቸው ምልክት አላቸው። ኢንት ምን እንደሚቀበል አስቀድመህ ለማወቅ ኢዝዴሲማልን ጠይቅ።

መቀየሪያውን ራስህ ጻፈው፤ አጭር ነው። ከፓይተን ጋር በሚመጣው ዩኒኮድዳታ ውስጥ ያለው ኒዩመሪክ የእያንዳንዱን ምልክት ዋጋ ይሰጥሃል። ከዜሮ ተነስተህ ከግራ ወደ ቀኝ ሂድ። ከ፻ ሌላ ተራ ምልክት ሲመጣ ዋጋውን ደምር። ፻ ሲመጣ እስካሁን የያዝከውን በ100 አባዛ፤ ምንም ካልያዝክ 100 ብለህ ጀምር። «፪፻፶» ላይ ሞክረው፦ 2፣ ከዚያ 200፣ ከዚያ 250። «፲፪፻፶» ደግሞ 10፣ 12፣ 1200፣ 1250 ይሆናል። ከ10,000 በታች ላለ መጠን ይህ ይበቃሃል። ፼ (10,000) ከመጣ ሌላ ደንብ ያስፈልገዋል፤ የአንድ አባል ወርሃዊ መዋጮ ግን እዚያ የሚደርስ አይመስለኝም።

ስልክ ቁጥርን ፈጽሞ አትንካ። «0911» ብሎ የሚጀምረው ወደ ቁጥር ሲለወጥ የፊት ዜሮው ይወድቃል። የባንክ ሂሳብ ቁጥርም የቤት ቁጥርም አይደመሩም፤ ጽሑፍ ሆነው ይቆዩ።

አንድ ነገር አደራ። ፕሮግራሙ እንዳይቆም ብለህ በትራይ እና ኤክሴፕት (ስህተት ሲመጣ በሚይዙት ትእዛዞች) ያልተነበበውን ሁሉ 0 አታድርገው። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። በእድር መዝገብ ላይ 0 ማለት «አልከፈለም» ማለት ነው፤ የከፈለ ሰው ባለዕዳ ይሆናል፣ ለቅሶ በደረሰበት ቀን ደግሞ ጭቅጭቅ ይነሳል። ያልተነበበውን መስመር ከነተራ ቁጥሩ ለብቻው አትመውና ለአባትህ አሳየው። የራሱን ጽሑፍ እሱ ያውቀዋል።