አበባ ከመግዛታችሁ በፊት በረንዳውን እዩት፦ ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ወጣ፤ ጭጋጉም ከጦሳ ተራራ ላይ ተነሳ። በዚህ ሰሞን ፀሐይ ያየ ሰው ሁሉ አበባ መትከል ያምረዋል መሰለኝ፣ ጥያቄው በዝቶብኛል። የአብዛኞቻችሁ ጥያቄ «ምን ዓይነት አበባ ልግዛ?» የሚል ነው። እኔ ደግሞ አበባውን ትቼ ስለ በረንዳችሁ ባወራ አትቀየሙኝ።

ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። በረንዳዬ ወደ ደቡብ ያያል። ክረምቱን ሙሉ ፀሐይ አልነካውም፤ አሁን ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ይለበለባል። ምን ልትከልበት? (ከደሴ)

ያየሽው ልክ ነው፤ በረንዳሽ ሁለት ጸባይ አለው። ፀሐይ በእኛ አካባቢ ዓመቱን ሙሉ በአንድ መንገድ አትሄድም። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች። ከዚያ በኋላ እስከ ቀጣዩ ሚያዝያ በደቡብ በኩል ነው የምታልፈው። ታኅሣሥ ላይ እንዲያውም ዝቅ ስለምትል በረንዳሽ ውስጥ ድረስ ትገባለች። በክረምት ግን ከበላይሽ ያለው ፎቅ ይጋርድብሻል። ደመናው ሲጨመርበት ያው ጨለማ ነው።

አንድ እሁድ ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪና ፀሐይዋ ስንት ሰዓት እንደምትቆይ ቁጠሪ። 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሆነ ጽጌረዳ፣ ጄራኒየም፣ ማሪጎልድ፣ ፔቱኒያ ሁሉም ይሆኑልሻል። 3 ወይም 4 ሰዓት ከሆነ ቤጎኒያ ይሻልሻል። ሰኔ ላይ ደግሞ እንደገና ቁጠሪ።

ጀማሪ ከሆንሽ ግን በጄራኒየም ጀምሪ። አገሩ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ደረቅ ነገር አይፈራም። ሁለት ሦስት ቀን ውሃ ብትረሺው ምንም አይሆንም። የሚገድለው የውሃ ብዛት ነው። ጣትሽን እስከ መጀመሪያው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቺ፤ እርጥብ ከሆነ ዛሬ አታጠጪ። መግዛትም የለብሽም። ጄራኒየም ያለው ጎረቤት አይጠፋም፤ አንድ ቅርንጫፍ ለምኚ። 10 ሴንቲ ሜትር ያህሉን ከአንጓው ሥር ቁረጪ። የታች ቅጠሎቹን አንሺ። የተቆረጠው ጫፍ እስኪደርቅ ጥቂት ሰዓት ጥላ ላይ አስቀምጪውና ትከዪው። በአንድ ወር ገደማ ሥር ይሰዳል፤ በደሴ ብርድ ትንሽ ቢዘገይ አትነቅንቂው። ስንቱን ችግኝ የገደለው «በቀለ ወይስ አልበቀለም?» እያሉ መንቀል ነው።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ሌሊት ውርጭ አይጠፋም። ማታ ወደ ግድግዳው አስጠጊውና አሮጌ ጨርቅ ጣል አድርጊበት፤ ጠዋት ግለጪው።

እህቴ ኮምቦልቻ ናት። የእሷ ቡገንቪሊያ በረንዳውን ሸፍኖ ያብባል። ከዚያው ቆርጬ ደሴ አምጥቼ ተከልኩ፤ ሁለት ዓመቱ፣ ቅጠል ብቻ! (ከሆጤ)

የሀረጎን ቁልቁለት ወርደህ ኮምቦልቻ ስትገባ ጃኬትህን ታወልቅ የለ? መልሱ እሱ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከፍታው ግን ሌላ አገር ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ትገኛለች፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ላይ። ወደ ላይ ስትወጣ ሙቀቱ በየ100 ሜትሩ ግማሽ ዲግሪ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይቀንሳል ብለህ ብታሰላው የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት ነው። ለእኔና ለአንተ አንድ ሹራብ ማለት ነው። ለቡገንቪሊያ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ከብራዚል የመጣ የሙቀት ልጅ ነው።

ለነገሩ አበባ እያልን የምናደንቀው ሐምራዊው ነገር አበባ አይደለም፤ ቀለም የያዘ ቅጠል ነው። አበባው መሃል ላይ ያለችው ትንሽ ነጭ ነገር ናት። ይህን ለባለቤቴ ስነግረው «አሁን ይሄ ምን ይጠቅመኛል?» አለኝ። ለአንተም ላይጠቅም ይችላል።

ተስፋ ካልቆረጥክ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ጥግ አስቀምጠው፤ ግድግዳው ማታም ሙቀት ይመልስለታል። ትልቅ ዕቃ ውስጥ አትትከለው፤ ሥሩ ጠበብ ሲልበት ነው የሚያብበው። ውሃም አታብዛ። አፈሩ በደንብ ደርቆ ቅጠሉ ሊጠወልግ ሲል አጠጣው። ውሃና ማዳበሪያ ሲበዛለት በቅጠል ይሰክራል።

የእኔን ምክር ከጠየቅክ ግን እሱን ለእህትህ ተውላትና ጽጌረዳ ትከል። ጽጌረዳ ቀዝቀዝ ያለ አየር ሲያገኝ አበባው ይተልቃል፣ ሳይረግፍም ይቆያል። የሆለታ አካባቢ የጽጌረዳ እርሻዎች ደጋ ላይ የሆኑት ለዚህ ነው፤ ሆለታ ከደሴ ብዙም ዝቅ አትልም። የእኛው ቀጋስ ቢሆን የጽጌረዳ ዘመድ አይደል? በእሾሁ የተቧጨረ ሁሉ ያውቀዋል። የምትተክለውን ግንድ የእርሳስ ውፍረት ያለውን ምረጥ፣ ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ጽጌረዳ ከተገረዘ በኋላ እንደገና ለማበብ 6 ወይም 8 ሳምንት ይፈልጋል፤ ብርድ ላይ ከዚያም በላይ። ስለዚህ ለፋሲካ አበባ ካማረህ የካቲት ላይ ግረዘው።

አበባዬን ሳጠጣ ውሃው ከታች ያለችው ጎረቤቴ ልብስ ላይ ይንጠባጠባል። ሁለት ጊዜ ተጣልተናል። አበባውን ልተወው? (ከኮምቦልቻ)

አበባውን አትተዪው፤ ጎረቤትሽንም እንዲሁ። ጥፋቱ ግን ያንቺ ነው። ነጭ ነጠላ አጥቦ ላሰጣ ሰው ከላይ ጭቃ ውሃ ሲወርድበት ምን ይሰማዋል?

ከእያንዳንዱ ዕቃ ሥር ሰፋ ያለ ሳህን አድርጊ። ውሃ ከጀሪካን አታንቆርቁሪ፤ በኩባያ፣ ቀስ እያልሽ፣ አፈሩ እስኪመጠው ጠብቂ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሳህኑ ላይ የቀረውን ድፊው፤ ከዋለ ሥሩን ያበሰብሰዋል፣ ትንኝም ይራባበታል። ልብሷ ከተሰጣ ማታ አጠጪ፤ ለኮምቦልቻ ሙቀት ማታ ማጠጣት ለአበባውም ጥሩ ነው።

ሌላው ከብረቱ ውጭ የተንጠለጠለ ዕቃ ነው። እሱን ዛሬውኑ ወደ ውስጥ አስገቢ። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን እርጥብ አፈር ሲሞላ 30 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። እኔ አንዴ ትንሽ ጣሳ በነፋስ ተነቅሎ ከ2ኛ ፎቅ ወርዶብኛል። ሰው ላይ አላረፈም እንጂ ያን ቀን ጉልበቴ ከድቶኛል። ከባድ ከባዱን ግድግዳው ሥር ደርድሪ፣ መሃል ላይ አታከማቺ።

ዕርቁ ደግሞ ቀላል ነው። አንድ ጄራኒየም በጣሳ ተክለሽ ውሰጂላትና ቡና ጥሪያት። በረካ ሳትጠጡ ይለቅላችኋል።

ገጠር ካለው ቤተሰቤ ዩሪያ አምጥቼ ጽጌረዳዬ ሥር አንድ እፍኝ ጨመርኩ። ቅጠሉ ጫፍ ጫፉ ተቃጠለ። ምን ሆነ? (ከደሴ)

አንድ እፍኝ! ወንድሜ፣ ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ለእርሻ ማሳ የታሰበውን ነገር ባልዲ ለምታህል ዕቃ ሰጠሃት። ጨውነቱ ከሥሩ ውሃ ይስባል፤ ያቃጠለው እሱ ነው። ከላይ የሚታየውን የዩሪያ ፍሬ ልቀምና ዕቃው ከሥር እስኪፈስ ድረስ ደጋግመህ ብዙ ውሃ አፍስስበት። ለሁለት ወር ምንም አትጨምርለት። ቢተርፍም ደግሞ ናይትሮጅን ቅጠል እንጂ አበባ አያበዛም።

ለበረንዳ የሚበቃው በደንብ የበሰበሰ ፍግ ነው። አንድ እጅ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ ሁለት እጅ ለም አፈር አድርገህ ቀላቅል። መረሬ አፈር ብቻውን አይሆንም፤ ሲረጥብ ጭቃ ነው፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የዕቃውን ሥር መብሳት እንዳትረሳ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ቢጫ የዘይት ጀሪካን ቆርጬ ሳልበሳው ተክዬ ክረምቱ ሲወጣ የተረፈኝ የሚሸት ጭቃ ብቻ ነበር።

የቡና አተላም ትጠይቁኛላችሁ። ይሆናል፤ ግን ስስ አድርጋችሁ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት። ከላይ ከተከመረ ይጋገራል፣ ውሃ አያሳልፍም፣ ትንንሽ ዝንብም ይጠራል።

የጽጌረዳዬ እምቡጥ ላይ አረንጓዴ ትንንሽ ነገር ተጣብቋል። (ከኮምቦልቻ)

ክሽክሽ የሚባል ተባይ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አድርገሽ አመሻሽ ላይ እርጪው፣ የቅጠሉን ጀርባ ጭምር። ጠዋት በንጹህ ውሃ እጠቢው። በ5 ቀኑ ድገሚ። በረኪና ግን በምንም ዓይነት።

በረንዳዬ ፀሐይ የሚባል አያውቅም፣ እርጥብ ነው። ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ብዙ መልፋትም አልችልም። አበባ ማየት ግን እወዳለሁ። (ከደሴ)

እማማ፣ ለእርስዎ የሚሆን አንድ አበባ አለ፤ እርስዎም ያውቁታል፤ እንሶስላ። ሥሩን ለእጅና ለእግር ማቅለሚያ ነው የምናውቀው፤ አበባውን ግን ልብ ብሎ ያየው ሰው ጥቂት ነው። ነጭ ነው፣ ጉሮሮው ላይ ቀላ ይላል፣ ሲመሽ ሽታው ደስ ይላል። የደጋ ተክል ነው፣ ጥላና እርጥበት ይወዳል። ለሌላው አበባ የማይሆነው በረንዳዎ ለእሱ ቤቱ ነው።

ሥሩ ድንች መሳይ ስለሆነ ጥልቅ ዕቃ ይፈልጋል፤ አሮጌ ባልዲ ይበቃል። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ስለሚችል ከግድግዳው ያስጠጉት። በጋ ላይ ግንዱ ደርቆ ቢወድቅ ሞተ ብለው እንዳይጥሉት። ሥሩ ተኝቶ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ይነሳል። አፈርና ባልዲ ማንሳቱን የልጅ ልጆች ያግዙ።

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ለሰው ያልበቃ ውሃ እንዴት ለአበባ ይሰጣል? (ከደሴ)

ምስርና አትክልት የታጠበበትን ውሃ አትድፊው። የተቀቀለበትም ጨው ከሌለው ሲቀዘቅዝ ይሆናል። የአፈሩን ላይ በደረቅ ሣር ሸፍኚው፣ ቶሎ አይደርቅም።

የ5 ዓመት ልጄ አደይ አበባ በረንዳ ላይ ካልተከልን ብላ አስቸገረችኝ። ይቻላል? (ከኮምቦልቻ)

ይቻላል፤ ለዘንድሮ ግን አልፏል። አሁን አበባው ደርቆ ዘር የያዘውን ከሜዳ አብራችሁ ልቀሙ። በወረቀት ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲገባ ሰፋ ባለ ዕቃ ላይ በትኑት፣ በስሱ አፈር አልብሱት። ከበቀለ በኋላ አሳሱት እንጂ ወደ ሌላ ዕቃ አታዛውሩት። ፀሐይ የሚያገኝበት ጫፍ ላይ ይሁን። እስከዚያ ልጅቷ እንዳትሰለች ማሪጎልድ ዝሩላት፤ በሁለት ወር ገደማ ያብባል።

ሕፃን ስላለች አንድ ነገር ልጨምር። ቅጠሉ ቀጭንና ረዘም ያለ፣ አበባው ሮዝ ወይም ነጭ የሆነ ኦሊያንደር የሚባል ቁጥቋጦ አለ። ሲታይ ያምራል፤ ነገር ግን ከቅጠል እስከ አበባ መርዝ ነው። ችግኝ ሻጭ ቢያሳይሽ አትግዢው።