የአሜሪካዊቷ ዘፋኝ የላና ዴል ሬይ የመጀመሪያ አልበም የቱ ነው?

«ከ2012ቱ አልበሟ ከ"ቦርን ቱ ዳይ" በፊት ያሉት ሁሉ ያልወጡ ዘፈኖች ናቸው?» ላልሽው፣ አይደሉም። የመጀመሪያ አልበሟ በጥር 2010 እ.ኤ.አ. በዲጂታል የተለቀቀው፣ በራሷ ስም የተሰየመው ነው። ጥቂት ወራት ቆይቶ ከገበያ ተነሳ። የተነሳ ነገር ደግሞ ያልወጣ አይባልም። የእናንተ የአድናቂዎቿ ክርክር የሚካረረው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

እንዲህ ለያቸው፦

1. ወጥቶ የተነሳ፦ ይኸው የ2010 አልበም። ሽፋኑን በደንብ እዪው፤ «ሬይ» የተጻፈው በእንግሊዝኛው «ኢ» ሳይሆን በ«ኤ» ነው። ስሟ ገና አልረጋም ነበር።

2. በሌላ ስም የወጣ፦ በ2008 በሊዚ ግራንት ስም የለቀቀችው ባለ 3 ዘፈን ኢፒ (አጭር አልበም)። ሦስቱም የ2010ሩ አልበም ውስጥ አሉ። ከእነሱ «ያዮ»ን በ2012 «ፓራዳይዝ» በተባለው ኢፒዋ ላይ እንደ አዲስ ሠርታዋለች።

3. ሾልኮ የወጣ (ሳይፈቀድ የተሰራጨ)፦ ሜይ ጄለር በሚለው ሌላ ስሟ የተቀዳው «ሳይረንስ» አልበም። በጊታር ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በ2012 ሾለከ።

ሦስተኛው ክፍል ግን አይጸናም፤ ሾልኮ የወጣ ዘፈን በኋላ በይፋ ሊለቀቅ ይችላል። «ሴይ የስ ቱ ሄቨን» የተባለው ዘፈኗ ለዓመታት ሾልኮ ሲዞር ቆይቶ በ2023 በይፋ ተለቀቀ።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ የፋይል ስም አትመኚ። እኔ አንዱን «ያልተሰማ ዘፈኗ» ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ስሟገትለት ከርሜ፣ ለካ ድምፁ የሌላ ሴት ነው! አሁን ደግሞ በኤአይ የተሠራም አለ። ዘፈኑ በስሟ መመዝገቡን ሳታዪ አትከራከሪ።