«ልፈርምላት?» ላሉኝ እናት

ጠያቂያችን የአንዲት ታዳጊ ጎልፈኛ እናት ናቸው። ልጃቸው በታዳጊዎች ውድድር ደጋግማ አሸንፋለች። ስትመታ የሚያሳይ ቪዲዮ ከተሰራጨ ወዲህ ስልካቸው ዕረፍት አጥቷል። አንድ ድርጅት የአምስት ዓመት ውል ልኳል። የጉዞና የአሰልጣኝ ወጪዋን ሊችል፣ በምትኩ ከገቢዋ 25 በመቶ ሊወስድ። «ፕሮፌሽናል ካልሆነች ስፖንሰር አይቻልም ብለውናል። ልፈርምላት?» ይላሉ።

እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። ዕድሜዋን አልነገሩኝም። «ልፈርምላት» ሲሉ ግን ለአካለ መጠን እንዳልደረሰች ገባኝ። ደግሞ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት ነገር አለች፦ «በላኩልን ገንዘብ አዲስ ዱላ ገዛንላት»። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዋናው ወሬ እኮ እሱ ነበር! ገንዘብ ከተቀበሉ ድርጅቱ «ውሉን በተግባር ተቀብለውታል» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ሲልኩት ምን አሉ? የባንክ ደረሰኙ ላይ ምን ተጽፏል? የተለዋወጡትን መልእክት አንዱንም እንዳያጠፉ።

የጨዋታውን ደንብ ባጭሩ ልበል። ከ2022 ወዲህ አማተር (ጎልፍን መተዳደሪያዋ ያላደረገች) ጎልፈኛም ስፖንሰር መያዝ ትችላለች፤ የነገሩዎት ልክ አይደለም። አማተርነቷን ከሚያሳጧት ነገሮች አንዱ ከ1,000 ዶላር በላይ የገንዘብ ሽልማት መቀበል ነው። የኒውዚላንዷ ጎልፈኛ ሊዲያ ኮ በ2012 በ15 ዓመቷ የካናዳን የሴቶች ኦፕን ስታሸንፍ አማተር ስለነበረች፣ የ300 ሺህ ዶላሩ ቼክ ሁለተኛ ለወጣችው ለኢንቢ ፓርክ ነው የሄደው። የኤልፒጂኤ (የሴቶች ፕሮፌሽናል ጎልፍ ማኅበር) አባል ለመሆን ደግሞ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ ከዚያ በታች በልዩ ፈቃድ ብቻ።

አሁን ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበትን ጉድጓድ ላሳይዎ። በብዙ አገር ሕግ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የገባው ውል ሊፈርስ ይችላል። ድርጅቱም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ ከልጅቷ ስም በታች ለወላጅ አንድ ሳይሆን ሁለት የፊርማ መስመር ያስቀምጣል። አንደኛው «ወላጅ» ይላል። ሁለተኛው «ዋስ»። ወላጅ በደስታ ተቻኩሎ ሁለቱም ላይ ይፈርማል። «በአንድነትና በነጠላ» የምትል ሐረግ ካለችማ ድርጅቱ ልጅቷን ሳይነካ በቀጥታ እርስዎን ሊከስ ይችላል። እሷ አድጋ ውሉን ብታስፈርሰው እንኳ ዋስትናው እርስዎ ላይ ሊቀር ይችላል።

ስፖንሰር ከሆነ ዋስ ምን ያደርግለታል? ይህን ይጠይቁ። መልሱ «ክፍያ» በሚለው አንቀጽ ላይገኝ ይችላል፤ «ትርጓሜ» የሚለው ውስጥ ይፈልጉት። በአንድ ውል ላይ «ስፖንሰርሺፕ ማለት ከተጫዋቿ ገቢ ተመላሽ የሚሆን ቅድሚያ ክፍያ ነው» የሚል አግኝቻለሁ። ስሙ ስፖንሰር፣ ሥራው ብድር። እስቲ እናስላው። ድርጅቱ 60 ሺህ ዶላር አወጣ፣ ልጅቷ 100 ሺህ አገኘች እንበል። 25 ሺው ድርሻው፣ 60 ሺው ተመላሽ። ለእሷ 15 ሺህ ቀረ። ካዲዋም (ዱላ ተሸካሚዋ) ግብሩም ከዚያችው ላይ ይከፈላሉ።

በቪዲዮ ተመልካች ብዛትም አይታለሉ። አሜሪካዊቷ ጎልፈኛ ሚሼል ዊ በ2005፣ 16 ዓመት ሊሞላት ቀናት ሲቀሩ፣ ከናይኪና ከሶኒ ጋር ተፈራርማ ፕሮፌሽናል ሆነች። ያኔ ስሟን ያልሰማ አልነበረም። የመጀመሪያ የኤልፒጂኤ ድሏ ግን በ2009 ነው የመጣው። በመሀል የእጅ አንጓዋን ተጎድታ ነበር። አራት ዓመት መሆኑ ነው። የእርስዎ ውል አምስት ዓመት ነው። ልጅዎ ብትጎዳ፣ ወይም «ትምህርቴ ይሻለኛል» ብትል የወጣውን ማን ይመልሳል? ውሉ ይህን በግልጽ ካልመለሰ አይፈረምም። (እሷስ ምን ትላለች? በደብዳቤዎ ውስጥ ድምጿን አልሰማሁም።)

ውሉን ሳላየው ከዚህ በላይ መናገር አልችልም። ሙሉውን፣ አባሪው ሳይቀር፣ በአገርዎ የስፖርት ውል ለሚያውቅ ጠበቃ ያሳዩ። ክፍያውን ራስዎ ይክፈሉ። «ጠበቃ እኛ እናቀርባለን» ካሉ፣ እሱ የእነሱ ጠበቃ ነው። ለድርጅቱም ዛሬውኑ በጽሑፍ ያሳውቁ፦ ውሉ ገና በምክር ላይ ነው፣ የተቀበልነውም ገንዘብ ስምምነት ማለት አይደለም ብለው። ከመላክዎ በፊት ጠበቃው ይየው። ከገንዘቡ የተረፈ ካለ አይንኩት። የዱላውን ደረሰኝ ከውሉ ጋር ያስቀምጡ።